ላይክ አያርምም

ጋይንት ውስጥ «ሠዓሊ ነኝ» ስትል ቀጣዩ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «የትኛውን ቤተ ክርስቲያን ሣልህ?» ለብዙ ሰው ሥዕል ማለት እመቤታችንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ናቸው። እኔ የምሥለው የጉናን ውርጭ፣ የነፋስ መውጫን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የገብስ ማሳ ነው። ስለዚህ ሠዓሊነቴ የሚታወቀው ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር።

እዚያ ግን ስም የራሱን ምርጫ ይዞ ይመጣል። ጀበና የያዘች ዓይኗ የጎላ ሴት ስለጥፍ ላይኩ ይጎርፋል፤ ባዶ ማሳ ስለጥፍ ጭጭ። ማንም ሳያዝህ እጅህ ወደ ጀበናው ያደላል።

2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ ጦርነቱ ክልሉን ሲያዳርስ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። «ለሠዓሊ እንኳን ጸጥታ ጥሩ ነው» የሚሉ አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጸጥታ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። መንገድ ሲዘጋ ቀለምም አይመጣም። ከሰልና የደብተር ወረቀት ይዤ ስቀመጥ አንድ ጥያቄ አፈጠጠብኝ፤ የሚያይ ከሌለ ሠዓሊ ነኝ ወይ?

በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ግርጌ ተደፍቶ የምናየው ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው፤ ስሙም ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ግን በአብዛኛው የለም። የ15ኛው መቶ ዘመኑ ፍሬ ጽዮን ስማቸው ከደረሰን ጥቂቶች አንዱ ነው። ሌሎቹ ስማቸው ቀረ እንጂ ብቸኛ አልነበሩም፤ መምህር ነበራቸው፣ የሚያሠራቸውም ነበር።

የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው እዚሁ ጋይንት ነው። ከከተማ መራቋ ማዕከል ከመሆን አላገዳትም፤ ተማሪው ከየአገሩ በእግሩ ይመጣላታል። ለምን? የሚያርም ጆሮ ስላለ። ዜማው ሲዛነፍ መምህሩ ያስቆሙታል። ላይክ አያስቆምም። ከኔትወርኩ ይልቅ ያጣሁት ይህን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ኔትወርክ ሲኖር እለጥፋለሁ፤ አልተውኩትም። ከዚያ በፊት ግን ለሦስት ሰው አሳያለሁ፤ እስቴ ለሚያስተምር ጓደኛዬ፣ ስማዳ ወገዳ ጥልፍ ለምትጠልፍ ዘመዴ፣ ለእናቴ። እናቴ ባለፈው የገብሱን ሥዕል ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣ «ልጄ፣ የነፋስ መውጫ ገብስ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንዴ?» አለችኝ።

ማሳውን እንደገና እየሣልኩት ነው።