ሽሮው በዱቤ ነበር

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለእማዬ "ትምህርቱ ነፃ ነው" ብያት ነበር። ዋሸኋት አልልም፤ ፎርሙን አላነበብኩትማ! ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፈን፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ፈረምን። ሀሳባችን ሁሉ የዶርም ቁልፍ ላይ ነበር።

ለካ የፈረምነው የወጪ መጋራት ውል ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 የመጣ ጣጣ፦ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ። ያ ውሃ የበዛበት የካፌ ሽሮ ሳይቀር በዱቤ ነበር ማለት ነው። (ሁለቴ ተሰልፌ የበላሁባቸው ቀናት ግን አልተቆጠሩብኝም።) አብሮኝ ዶርም የነበረው ልጅ መምህር ስለሆነ በአገልግሎት ይከፍላል። እኔ በብር።

የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል እማዬ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"ይሄ 10 በመቶ ምንድነው?"

"የመንግሥት ነው።"

"ግብሩማ ይኸው እዚህ አለ። ይሄኛውስ?"

ነገርኳት። እማዬ ከዕቁብ በቀር የሰው ገንዘብ ይዛ አታውቅም። ዝም ብላ ቆየችና "እና ያን ሁሉ ዓመት በዱቤ ነው ስትበላ የከረምከው?" አለችኝ።

አሁን በየወሩ ከምሰጣት ብር ግማሹን መልሳ ኪሴ ውስጥ ትከታለች። "ለዕዳህ" እያለች። በዚያው ላይ "ስንት ቀረህ?" ትለኛለች።