በግሸን ግርጌ የነበረው ሸማኔ

ግሸን ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባና በየዓመቱ መስከረም 21 ወደዚያ የሚጎርፈው የክርስቲያን ወገናችን ነው። ታሪክ ያነበበ ደግሞ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ የነገሥታት ልጆች በዚያ አምባ ታስረው ይኖሩ እንደነበር ያስታውሳል። የነገሥታቱ ነገር በዜና መዋዕል ተጽፏል። ከአምባው ግርጌ ሲያርስና ሲሸምን የኖረውን ድሃ ኑሮ ግን ማን ጻፈው?

ቅድመ አያቴ የግሸን አምባ በሚታይበት የአምባሰል ገጠር የኖሩ ሸማኔ ነበሩ። በቤታችን የአባቶች ስም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሥራቸው ግን አይነሣም። ምክንያቱም ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም ኀፍረቱ ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

ኑሯቸውን ለማወቅ ወደ አገራቸው ስሄድ የልደት ወረቀት እንደማላገኝ አውቅ ነበር። በገጠር ዘመን የሚቆጠረው በደረሰው ነገር ነው። «ክፉ ቀን» ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሃብ ነው፤ «ጣልያን ሲገባ» 1928 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ከክፉ ቀን ማግሥት ተወልደው ጣልያን ሲገባ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ሰማንያን የተሻገሩት ልጃቸው፣ የአያቴ እህት፣ ከፈረሰው ቤት ጓሮ ሣር የሸፈነው ጎድጓዳ ቦታ አሳዩኝ። ሸማኔ እግሩን ሰድዶ የሚሠራበት ጉድጓድ ነው።

«በበጋ አባባ ከሱብሒ እስከ መግሪብ እዚህ ይውል ነበር። ክረምት ሲገባ የሰው መሬት ያርሳል» አሉኝ።

ፈትሉን እናታቸው በእንዝርት ይፈትሉ ነበር። የተሸመነው ጋቢ ተሽጦ ለጥጥ፣ ለጨውና ለግብር ይውላል። ከእርሻው ምርት ባለ መሬቱ ድርሻውን ይወስዳል። ጢሰኝነት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲሻር ለማየት አልታደሉም።

«ለአገሩ ሁሉ ጋቢ ሲሠራ እርሱ የተጣፈ ነበር የሚለብስ» ብለው አሮጊቷ ዝም አሉ።

ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በመድረሳ የተማርን ሰዎች የሸማኔ ልጅ መባል ለምን ያሳፍረናል? ሲለተ ረሒም ስም ከመቁጠር ያለፈ ነው።

ወጣቶች ሆይ! በዕረፍታችሁ ወደ አረጋውያን ዘመዶቻችሁ ሂዱ። «ማን ወለደው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ምን ሠርቶ ይበላ እንደነበር፣ ምን ይለብስ እንደነበር፣ ለማን ይገብር እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉ። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚነግራችሁ የለም።

አላህ ለቀደሙን ይማርልን።