የክርስትና ስም

በስደት የሚኖር ሰው ከሞቱ ይልቅ መቃብሩን ይፈራል። «የሰው አገር አፈር አይብላኝ» የሚል ምሬት በየጎጆው እንሰማለን። በአገራችን ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ሟቹ ከደብሩ ቅጥር ውስጥ ያርፋል፤ በ40 እና በ80 ቀን፣ በሙት ዓመትም ይታሰባል። እዚህ ገዳሪፍ ጠረፍ ግን ቅጥርም የለን፣ ካህንም የሚገኘው በስንት ፍለጋ ነው። ታዲያ በዚህ ጥቁር አፈር የተቀበረ ክርስቲያን ተስፋው ይቀራልን?

አይቀርም። የምእመን ነፍስ ከሥጋዋ ስትለይ በገነት ዐርፋ ትንሣኤ ሙታንን ትጠብቃለች ብላ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ፈያታዊ ፍትሐትም ተዝካርም አልነበረውም፤ ገነት ግን ገባ። የሙሴንም መቃብር የሚያውቅ የለም። ከዚሁ ከጠረፉ ምሳሌ ብንፈልግ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው በአትባራ ወንዝ አጠገብ ተማርኮ፣ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወስዷል። ንጉሠ ነገሥቱ በአገራቸው አፈር ካላረፉ እኛ ስለ መቃብር ቦታ ምን ያስጨንቀናል?

ሊያስጨንቀን የሚገባው ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ዐረፉ። ካህን ተፈልጎ መጣና «ክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲል ሁላችንም ተያየን። በራሽን ካርዳቸው ላይ የተጻፈውን ስም እናውቃለን፤ በጥምቀት የወጣላቸውን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሙታንን በጸሎት የምታነሣው በዚያ ስም ነው። እግዚአብሔር እንደሚያውቃቸው አንጠራጠርም። ነገር ግን ስለ ሙታን መጸለይ የተሰጠው ለሕያዋን ነው፤ ሕያዋንም ስም ይፈልጋሉ።

ብዙዎቻችን መተት እንዳያገኘን ብለን የክርስትና ስማችንን እንደብቃለን። በአገር ቤት እናት ታውቀዋለች፣ የነፍስ አባት ያውቀዋል፤ መደበቁ ጉዳት አልነበረውም። እዚህ ግን ከመተተኛ የደበቅነው ስም ከካህኑም ተደብቆ ይቀራል።

እኛ መምህራን በየማለዳው ስም መጥራት ልማዳችን ነበርና አንድ ደብተር ከፍተናል። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የትውልድ ደብር ይጻፍበታል፤ የሞተ እንደሆነ ዕለቱ ይጨመራል። ወደ አገር የሚመለስ ሲገኝ ስሙን ለደብሩ ካህን ያደርሳል፤ 40ው ቢያልፍ ለሙት ዓመቱ ይደረስለታል። ለተዝካሩ ጠቦት ቢታጣ የማሽላ ንፍሮ ይበቃል፤ ዋናው ጸሎቱ ነው። በደብተሩ ማስጻፍ የማይወድ ቢኖር ለሚያምነው ለአንድ ጎረቤት ይንገር። ብቻ ሳይነግር አይደር።