መጨረሻ ላይ የምንበላ እናቶች

የወር አበባችን ከቀረ ወዲህ ሌሊት በላብ ርሰን መንቃታችንን እኛ እናቶች እርስ በርስ በሹክሹክታ እናወራለን። ስለ ሳህናችን ግን ዝም ነው። ለአባወራውና ለልጆቹ ሥጋውን አውጥተን፣ እኛ መጨረሻ ላይ የድስቱን ጥግ በእንጀራ እንጠርጋለን። በወጣትነታችን ሰውነት ይችለው ነበር። አሁን ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት ቶሎ ይሳሳል፤ በትንሽ መውደቅ መሰበርም ይመጣል።

ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት የሚሰጠው 300 ገደማ ነው። ስለዚህ እርጎው ለልጆች ብቻ አይደለም፤ ጎመኑም ሰሊጡም ለእኛ ነው። ለጡንቻችን እንቁላልና ምስር አለ። ካልሲየሙ እንዲዋሃደን ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ግቢያችን ውስጥ እጅጌን ሰብስቦ ፀሐይ መሞቅ ነው።

ረመዷንን አሁን ሳናቋርጥ ወሩን ሙሉ እንጾማለን፣ አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ሌሎችን ስናስፈጥር ቆይተን እኛ በሳምቡሳ ብቻ፣ ሱሑሩንም በሻይ ካለፍነው አቅም ከየት ይመጣል? ቴምር ከእርጎ ጋር፣ ከዚያ ሾርባ፤ ለሱሑር እንቁላል ወይም የአጃ ገንፎ።

ቡናን ተዉት አንልም፣ ማን ይሰማናል! ሙቀቱ የሚነሳባት እህት ግን የማታውን ቀነስ አድርጋ ትሞክረው።