አክተሩ ካልሞተ

ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት ገብተን ካውቦይ ፊልም ስናይ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተሩ አይሞትም። ሃያ ሰው ከቦ ጥይት ቢያዘንብበት፣ ከፈረስ ወድቆ ቢጎተት፣ ከመካከላችን አንዱ ሲደነግጥ ሌላው «አትፍራ፣ አክተሩ እኮ ነው!» ይለዋል። ፊልሙ ሲያልቅ አክተሩ ፈረሱን ይዞ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ይሄዳል፤ እኛም ሳይመሽብን ወደየቤታችን። አንድ ነገር ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። አክተሩ ካልሞተ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆኖ ይኖራል?

ባለፈው እሑድ ማታ ከአባቴ ጋር አንድ ፊልም አየሁ። «ዋንስ አፖን ኤ ቴክሳስ ትሬን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን የተሠራ፣ ከመነሻውም ለሲኒማ ቤት ያልታሰበ ፊልም ነው። ደራሲውም አዘጋጁም በርት ኬኔዲ ነው። ጆን ሄንሪ ሊ የሚባል ሽፍታ 20 ዓመት ታስሮ ይወጣና የድሮ ጓዶቹን ሰብስቦ ባቡር ሊዘርፍ ይነሳል። ያኔ ይዞ ያሳሰረው ካፒቴን ኦረን ሄይስ ደግሞ ጡረታ የወጡትን የቴክሳስ ሬንጀር ባልደረቦቹን ከየቤታቸው ጠርቶ ይከተለዋል። ሁለቱም የወደዷት አንዲት ሴት አለች። ሽማግሌዎቹን የሚንቁ ወጣት ወንበዴዎችም አሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ተኩሱ ትንፋሽ አያስይዝም፤ ቀልዱም አንዳንድ ቦታ ይንዛዛል።

ፊቶቹ ግን! ካፒቴኑ ሪቻርድ ዊድማርክ ነው። በ1947 በመጀመሪያ ፊልሙ፣ በ«ኪስ ኦፍ ዴዝ»፣ እየሳቀ ሰው የሚገድል ወሮበላ ሆኖ ተጫውቶ ለኦስካር የታጨው። አባቴ እሱን ሲያይ ከተደገፈበት ቀና አለ። «ይሄ አላሞ ላይ የነበረው አይደለም እንዴ?» ልክ ነው፤ በ1960ው «ዘ አላሞ» ጂም ቡዊን ሆኖ ተጫውቷል። አባቴ በጉርምስናው ያየው ፊልም ነው። ትንሽ ቆየና «አሁን ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አሰላሁለት። ፊልሙ ሲታይ 73። አባቴ 78 ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ ፊት በመጣ ቁጥር ያንኑ ይጠይቀኝ ጀመር። ቸክ ኮነርስ፣ ከ1958 እስከ 1963 በቴሌቪዥን ተከታታዩ «ዘ ራይፍልማን» ልጁን ብቻውን የሚያሳድገው ባለ ጠመንጃ። ኬን ከርቲስ፣ የሌላው ተከታታይ የ«ገንስሞክ»ው ፌስተስ። ጃክ ኢላም፣ በልጅነቱ በእርሳስ ተወግቶ ግራ ዓይኑ የተበላሸ፣ ወደ ትወና ከመምጣቱ በፊት የሂሳብ ሠራተኛ የነበረ፣ በኋላም ያ የማይታዘዝ ዓይኑ የዕድሜ ልክ እንጀራ የሆነለት። ሴትየዋ አንጂ ዲከንሰን ናት፤ በ1959 በ«ሪዮ ብራቮ» ከጆን ዌይን ጋር የተጫወተችው። ሽፍታው ደግሞ ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን ነው። ያን ጊዜ ገና 54 ዓመቱ ነበር፤ አባቴ «እሱ እንኳ ልጅ ነው» አለ።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ እርጅና በሜካፕ አልተሠራም። እነዚህ ሰዎች ወጣት ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር ለተመልካቹ ማሳየት አያስፈልግም፤ ሰዉ በየሳሎኑ ዓመት ከዓመት ሲያያቸው ኖሯል። «ገንስሞክ» 20 ዓመት ታይቶ በ1975 ሲቆም የካውቦይ ተከታታይ ፊልሞች ዘመን እያበቃ ነበር። ፈረስና ሽጉጥ የለመደ እጅ ሁሉ ሥራ ፈታ። ኬኔዲም ይህ ፊልም ሲታይ 65 ደርሶ ነበር። ከኢላም ጋር በ1969 «ሰፖርት ዮር ሎካል ሸሪፍ» የተባለውን ፊልም ሠርቷል። እንግዲህ ካፒቴኑ በታሪኩ ውስጥ የሚያደርገውን አዘጋጁ ከካሜራው ጀርባ አድርጎታል፤ በየቤቱ የተቀመጡትን ጠርቶ «ተነሱ፣ ሥራ አለ» ብሏቸዋል። ይህንን ሳስብ የቀልዱ መንዛዛት ምንም አልመሰለኝ።

ለነገሩ እውነተኞቹ ተኳሾችም ሁሉም እንደምናስበው አቧራ ላይ ተዘርረው አልቀሩም። ባት ማስተርሰን በ1921 የሞተው ኒውዮርክ ውስጥ፣ የስፖርት ጋዜጠኛ ሆኖ፣ በቢሮ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ኤሜት ዳልተን በ1892 ካንሳስ ውስጥ ኮፊቪል ላይ ባንክ ሲዘርፉ ወንድሞቹ ሲገደሉ እሱ 23 ቁስል ይዞ ተረፈ። 14 ዓመት ታሰረ፤ ሲፈታ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ቤትና መሬት እየሸጠ ኖረ፣ ፊልም ላይም ራሱን ሆኖ ሠራ። ዋያት ኧርፕ በ1929 በ80 ዓመቱ እዚያው ሎስ አንጀለስ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት መካከል ዊልያም ኤስ. ሃርትና ቶም ሚክስ ነበሩ፤ ሁለቱም የካውቦይ ፊልም ተዋናዮች። በሕይወት የተኮሰውን በፊልም የሚተኩሱት ቀበሩት።

ሃንክ ዋርደን የሚባል ረጅም ቀጭን ተዋናይም ከአባቴ ጋር ባየሁት ፊልም ለትንሽ ጊዜ ብቅ ይላል። በ1956 በ«ዘ ሰርቸርስ» ሞዝ ሃርፐርን ሆኖ ተጫውቶ ነበር። ሞዝ ለውለታው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው እሳት ዳር የምትቀመጥ አንዲት የምትወዛወዝ ወንበር ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ያገኛታል። ይህንን ለአባቴ ነገርኩት።

«እሱስ ስንት ዓመቱ ነው?»

«86 አባዬ።»

«86 ሆኖ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ። መነጽሩን አስተካክሎ ቁልፎቹን በዝግታ ፈለገና ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። ሽማግሌው የታየበትን ቦታ እንደገና አየን።