እጄ ያውቃል

እናላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ አብነት አካባቢ አንድ ጋራዥ በር ላይ፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ጋዜጠኝነት ተመርቄ ያገኘሁት የመጀመሪያ "የመስክ ሥራ" ይኸው ነው፤ አባዬ ጉልበቱን ስላመመው "ሂጂና ቆመሽ እይ" ብሎ ላከኝ። ሚኒባሷ የቤታችን እንጀራ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ሌላ ጋራዥ (ስሙ ይቆየን) የመኪናዋን ዘንግ ቀየረ። ዘንግ የምላችሁ ከካምቢዮው ተነስቶ፣ ከመኪናዋ ሆድ ስር እየተሽከረከረ፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ረጅም የብረት ቱቦ ነው። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ከስር "ቋ" ትል ጀመር። ረዳቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሬዲዮውን ከፍ አደረገው! በአምስተኛው ቀን፣ አስራ አንድ ሰው እንደጫነች፣ የዘንጉ የኋላ ጫፍ ተፈትቶ አስፋልት ላይ ወደቀ። ቀስ ብላ ትሄድ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። የፊተኛው ጫፍ ቢሆን፣ ያውም በፍጥነት ላይ፣ አስፋልቱን ወግቶ መኪናዋን ሊያነሳት ይችል ነበር አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። አራት ቡሎን እኮ ነው!

አሮጌው ዘንግ ስለተጣመመ ከሹፌራችን ጋር ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገለ ገዛን። ሹፌሩ ክሮቸራውን፣ ዘንጉን እንደ ክርን የሚያጥፈውን መስቀል ማለቴ ነው፣ እያወዛወዘ ሰባት ዘንግ ጣለ፤ ስምንተኛው ላይ ዝም አለ። ቡሎኑን ግን አዲስ ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ራሱ ላይ 10.9 የሚል የተጻፈበት 8.8 ከሚለው እንደሚጠነክር ያወቅኩትም እዚያው ነው።

በነገራችን ላይ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን... የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። መርካቶም ብትሆን ስሟን ያገኘችው ጣልያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ አዲስ ከተማ ሲያዛውረው ነው። ጣልያን ሄደ፣ ቡሎኑ ቀረ።

ወደ ጋራዡ ልመልሳችሁ። ወጣቱ መካኒክ ከመኪናዋ ስር ገብቶ፣ አዲሱን ዘንግ ገጥሞ፣ አራቱን ቡሎኖች ጥርቅም አድርጎ ወጣ።

"አለቀ፣ እህት።"

"ልክ መጥበቁን በምን አወቅክ?"

"እጄ ያውቃል።"

ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሙሉ የነገሩን ይህችኑ ጥያቄ ነው፤ በምን አወቅክ? የፊተኛው ጋራዥ እጅም እኮ "ያውቅ" ነበር። ይህንኑ ስል ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጡት ሽማግሌው መካኒክ ግን ሳቁ። ተነስተው ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም መፍቻ አወጡ። የሚፈለገው ልክ ተሞልቶበት፣ እዚያ ሲደርስ "ቀጭ" የሚል መፍቻ ነው።

"ነይ ልጄ፣ ስሚ" አሉኝ። እኔም በጂንሴ ካርቶን ላይ ተንበረከክኩ። ሁለቱ ቡሎኖች ምንም ሳይዞሩ "ቀጭ" አሉ። ሦስተኛው ሩብ ዙር ያህል ዞረ። አራተኛው ከዚያም በላይ። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም እጁ ሰንፎ አልነበረም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ክንዱ ያልዘረጋበት በኩል ነው የላላው።

ዘንጉን የሚይዘው የቡሎኑ ውፍረት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቡሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተመልሶ ልሰብሰብ ሲል ሁለቱን የብረት ፊቶች አንድ ላይ ጨምቆ ይይዛቸዋል። ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ያ ጭመቃ ነው። ሲላላ ፊቶቹ ይንሸራተቱና ቡሎኑን ይቆርጡታል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ተለጥጦ ይቀራል፤ ጥርሱ ዘይት ከነካውማ ያው የእጅ ጉልበት ጭራሽ አብልጦ ይለጥጠዋል። ስለዚህ ሽማግሌው አራቱንም አላልተው፣ ጥርሱን ጠርገው፣ እንደ መስቀል በተቃራኒ እያፈራረቁ፣ በሁለት ዙር አጠበቁት። አራት "ቀጭ" ቆጠርኩ። በመጨረሻ ከቡሎኑ ራስ ወደ ብረቱ የሚያልፍ ነጭ የቀለም መስመር አሰመሩ። ቡሎኑ ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።

ማታ አባዬ ጠየቀኝ፤ "ጠብቋል?"

"ጠብቋል።"

"በምን አወቅሽ?"

ሰኞ ማለዳ፣ ጉልበቱ እያመመው፣ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ስር ገባ። ባትሪ ያዥ እኔ ነበርኩ። መስመሩ አልተሰበረም። ረዳቱ ግን አሁንም ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።