ከጋሪ መንገድ እስከ ፈረስ ሜዳ

የመኪና እሽቅድምድም ከመኪና መንገድ በዕድሜ ይበልጣል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን መኪና ሲያወዳድሩ መንገዱ የፈረስና የጋሪ ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ የጋሪ መንገድም ብርቅ በነበረበት በ1900 ዓ.ም. ሁለት መኪኖች በአንድ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ገሰገሱ፤ አንዱ ሲድሌይ የተባለው የእንግሊዛዊው የቤንትሌይ መኪና፣ ሌላው ናኬ የተባለው የጀርመናዊው የሆልትስ። ዳኛ አልተሰየመም፣ ዋንጫም አልተዘጋጀም እንጂ የአገሪቱ የመጀመሪያ የመኪና እሽቅድምድም ያ ነው ቢባል ብዙ አያስወቅስም። ሽልማቱ አፄ ምኒልክን በመኪና ማሳፈር ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ችግሩ ሌላ ነው። መንገዱ አለ፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ነው። ቅድመ አያቱ በመርከብና በባቡር የከበሩለት ዊልያም ቫንደርቢልት፣ ገና 26 ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1904 በኒውዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ በስሙ የተሰየመ የዋንጫ ውድድር አዘጋጀ። መኪኖቹ የሚሮጡት ገበሬው ድንችና ወተት በሚያመላልስበት መንገድ ስለነበር፣ የመንደሩ ሰው ውሻውን እንዲያስር፣ ዶሮውን እንዲዘጋ ተነገረው። ዶሮ መዝጋት ቀላል ነው፤ ተመልካችን ግን ከመንገድ ዳር የሚዘጋበት አልተገኘም። በ1906 አንድ ተመልካች ተገጭቶ ሞተ፣ በ1907 ውድድሩ ቀረ።

ባለጸጋው የሰዎቹን መንገድ መልቀቅ እንጂ ፍጥነቱን መቀነስ አልታየውም። የራሱን መንገድ ሠራ። በኮንክሪት የተነጠፈ፣ ሌሎች መንገዶችን በድልድይ የሚሻገር፣ ፈረስም እግረኛም የማይገባበት መንገድ በ1908 ተከፈተ፤ በ1911 ርዝመቱ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። የመግቢያው ዋጋ 2 ዶላር ነበር፤ ያን ጊዜ ለብዙ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ማለት ነው። ለውድድር የተሠራው መንገድ ግን ውድድሩን ብዙ አላኖረውም። በ1910 ከነጂው ጎን የሚቀመጡ ሁለት መካኒኮች ሞቱና የሎንግ አይላንዱ ዋንጫ በዚያው አበቃ። መንገዱ ብቻውን ቀረ። መንግሥት በአቅራቢያው ቀረጥ የማይከፈልባቸው መንገዶች ሲዘረጋ ዋጋው እየወረደ 40 ሳንቲም ደረሰ፤ በ1938 ላልተከፈለ ግብር ተላልፎ ተሰጠ። ዛሬ ከፊሉ የብስክሌት መንገድ ነው፤ ሞተር ያለው አይገባበትም።

የቫንደርቢልት መንገድ ገና ክፍት ሳለ፣ በኢትዮጵያ፣ በጎጃም አዊ የሚሮጠው ፈረስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ የቃኘው በበቅሎ ነው። ከደብረ ማርቆስ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣውን የመኪና መንገድ ጣሊያን የከፈተው በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ነው፤ ለዋንጫ ሳይሆን ለጦር ካሚዮን። አርበኛው ካሚዮኑን አድፍጦ ይጠብቀው ስለነበር መንገዱ ለባለቤቱ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልታዘዘም። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። በአዊ ምድር በሞተር የተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ግልቢያ ይኸው ሽሽት ሳይሆን አይቀርም።

የአዊው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያኑ ገና ከመንገዱ ሳይወርድ ማለት ነው። ሰባት ቤት መባሉ አገሬው ትውልዱን ከሰባት ወንድማማቾች ስለሚቆጥር ነው። ማኅበሩ የሚያስበው በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ሰውን ተሸክመው የወደቁትን ፈረሶች ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ይህ ማኅበር ግን ላደረሰውም ድርሻውን ቆጥሮለታል። ከግልቢያው ሌላ የተጣላ ያስታርቃል፣ ለቅሶም ይደርሳል፤ ቫንደርቢልት የቀረጥ ቤቶቹን ለማስጌጥ ታዋቂ አርክቴክት ሲቀጥር፣ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ግን ማንንም አልቀጠረም።

በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ባለፈረሱ ኮርቻና ልጓሙን አሳምሮ ወደ እንጅባራ ይወጣል። ጉግሱም ሶምሶማውም ሜዳ ላይ ነው፤ የማንም መንገድ አይዘጋም፣ የማንም ዶሮ አይታሰርም። ከባሕር ዳር 118 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው እንግዳ በአስፋልቱ ይገባል፤ ከባንጃና ከአንከሻ የሚመጡት ፈረሶች ግን በአቋራጭ ይደርሳሉ።